የቁጥር አሥራ ሰባት ሁለት መልሶች

ካምፓላ፣ ጥቅምት 11 ቀን 1962 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ እትዬ ይርጋነሽ ወልደ ሰንበት፣
ቢቸና።

ክረምቱ እንዴት አለፈላችሁ? ትምህርት ቤቱስ፣ ልጆችዎስ፣ የመሪጌታ አባትዎ ጤናስ እንዴት ሆነ? እኔ የአምላክ ቸርነት ሳይለየኝ ካምፓላ ከገባሁ ሁለተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ከዓመት በኋላ ትምህርቴን ጨርሼ ወደ ጤና ጥበቃ ሥራዬ እመለሳለሁ።

ሳልጽፍልዎ ሦስት ዓመት አለፈ። አያትዎና አያቴ የአንድ እናት ልጆች ሆነው ሳለ ይህ ልጅ የሚጽፈው ጉዳይ ሲኖረው ብቻ ነው ብለው ቢታዘቡኝ እውነትዎን ነው። ነገር ግን ፊደል ያስቆጠሩኝ እርስዎ ነዎትና ከእርስዎ ሌላ የማምነው ሰው አላገኘሁም።

ጉዳዩ እንዲህ ነው። የምማረው ሰዎችን ጠይቆ ቁጥር ማውጣትን ነው፤ ስንት ሰው ይታመማል፣ ስንት ሕፃን ይሞታል፣ የትኛው አገር ይብሳል የሚለውን። መሥሪያ ቤታችን ለቢቸናና ለሞጣ አውራጃዎች አንዲት የሠለጠነች አዋላጅ ሊልክ አስቧል። ለሁለቱ አንዲት ብቻ ናት። የት ትቀመጥ የሚለው የሚወሰነው ሕፃናት በብዛት የሚሞቱበት ቦታ ታይቶ ነው። ያንን ለማወቅ እናቶች የሚጠየቁበትን ወረቀት፣ እኛ መጠይቅ የምንለውን፣ ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ።

ወረቀቱ ግን ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት ራሱ መፈተን አለበት። ሁለት ነገር ማወቅ እፈልጋለሁ። አንደኛ፣ ዛሬ የመለሰች እናት ከጊዜ በኋላ በዚያው ቃል ብትጠየቅ ያንኑ ትመልሳለች ወይ? ሁለተኛ፣ ጥያቄው የሚጠይቀው በእርግጥ እኔ ላውቀው የፈለግሁትን ነው ወይ? አስተማሪዬ የመጀመሪያው ካልተገኘ ስለ ሁለተኛው መነጋገር አይቻልም ይላል።

ስለዚህ ከቢቸና ከተማና ከዳርቻው በዕጣ የሚወጡ ሃያ አራት እናቶችን ሁለት ጊዜ ይጠይቁልኝ። በሞጣ እዚያ የምትሠራው ነርስ ሀብትነሽ እንዲሁ ሌሎች ሃያ አራት ትጠይቃለች። ስም አይጻፍም፤ ቁጥር ብቻ ነው። የትኛው ቁጥር የማን እንደሆነ ለማንም፣ ለእኔም ቢሆን፣ እንዳይነግሩ አደራ እላለሁ። ቃሉን ሳይለውጡ እንዳለ ያንብቡ።

እናቴን እንደሚጎበኙልኝ ሰምቼ አመስግኜዎታለሁ። አባቴ ካረፈ ወዲህ ከእኔ ሌላ የላትምና አይራቋት።

ታናሽዎ፣
ደምለው ታዘበው


ቢቸና፣ ኅዳር 27 ቀን 1962 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለደምለው ታዘበው፣
ካምፓላ።

በሰው አገር ያለኸውን ልጅ ያገርህ ታቦት ይጠብቅህ። እኛ ደኅና ነን። መሪጌታ ዓይናቸው ቢደክምም አንደበታቸው አልደከመም። ደብዳቤህን ሳነብላቸው "ሦስት ዓመት ዝም ብሎ ኖሮ አሁን ጥያቄ ላከ? በእርግጥም ተምሯል" ብለው ሳቁ።

ወረቀቶቹ በደብረ ማርቆስ በኩል ሳይበላሹ ደርሰውኛል። ዕጣውን አውጥቼ ሥራውን የጀመርኩት ቅዳሜ ቀን ነው። የመጀመሪያው ቤት ስደርስ ባልየው ወረቀቱን ገና ከሩቅ አይቶ በር ላይ ቆመ። በግብሩ የተነሣ ከሁለት ዓመት በፊት በዚህ አገር የሆነውን ሁከት ሰምተሃል። ከዚያ ወዲህ ሰው ወረቀት የያዘ ሰው ሲያይ ደስ አይለውም፤ አስተማሪም ብትሆን።

የወረቀትህ የመጀመሪያ ጥያቄ ደግሞ "ስንት በሬ አላችሁ?" የሚል ነው። ሚስቱ አፏን ሳትከፍት ባልየው "በሬ የለንም" አለኝ። በሬዎቹ ከኋላው ተኝተው ያመሰኳሉ።

"ኧረ እኔ በሬ ልቆጥር አልመጣሁም፤ ስለ ልጆች ልጠይቅ ነው" አልኩት።

"ልጅም ግብር ወጣበት?" አለኝ።

እንግዲህ አደራህን በአንድ በኩል አፍርሻለሁ። የአንዱንም ጥያቄ ቃል አልነካሁም፤ የበሬውን ግን ከፊት አንሥቼ መጨረሻ ላይ አደረግሁት። ስለ ልጅ፣ ስለ ወሊድ፣ ስለ ውኃ ከተጨዋወትን በኋላ ስጠይቅ በሬዎቹ ሁሉ ተገኙ። የመጀመሪያውም ሰው ተራውን ከለወጥኩ በኋላ ስመለስበት "እነዚያ በሬዎች መጥተዋል" አለኝ፤ ከየት እንደመጡ አልጠየቅሁትም።

"ስንት ልጆች ወልደዋል? ከእነሱ ውስጥ ስንቱ በሕይወት አሉ?" የሚለውን ግን ማንም አልተቸገረበትም። ሁሉም ቶሎ ቶሎ መለሱልኝ። እንዲያውም ሌላውን እያሰቡ መለሱ፣ ይህን ሳያስቡ።

ሃያ አራቱንም ልኬልሃለሁ። እናትህ ደኅና ናት፤ በጓሮዋ ጎመን ተክላለች። ደብዳቤ በጻፍክ ቁጥር ለእሷም ብትጽፍ የቴምብሩ ዋጋ አይጎዳህም።

ይርጋነሽ


ካምፓላ፣ ጥር 6 ቀን 1962 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ እትዬ ይርጋነሽ፣
ቢቸና።

ልደትንና ጥምቀትን በደስታ እንድታከብሩ ተመኝቼ ነበር፤ ይህ ወረቀት ሲደርስ ግን ታቦቱ ገብቶ ይሆናል። መሪጌታ ስለ እኔ የተናገሩትን አንብቤ ብቻዬን ስቄአለሁ።

የጥያቄዎቹን ተራ በመለወጥዎ መጀመሪያ ደንግጬ ነበር። አንዱ ቦታ በአንድ ተራ፣ ሌላው በሌላ ተራ ከተጠየቀ ማወዳደር አይቻልም። ለአስተማሪዬ በፍርሃት ነገርኩት። እሱ ግን የበሬዎቹን ነገር ስተረጉምለት እጁን ጠረጴዛ ላይ መታና "ይህችን ሴት ለምን እዚህ አላመጣሃትም?" አለኝ። አሁን በሞጣም በእርስዎ ተራ እንዲጠየቅ ለሀብትነሽ ጽፌላታለሁ።

ቁጥሮቹን ደምሬአለሁ። ሃያ አራቱ እናቶች ከወለዷቸው መቶ ሁለት ልጆች የሞቱት አሥራ አንድ ብቻ ናቸው። እዚህ ከሌሎች አገሮች ጋር ሳስተያየው እጅግ ያነሰ ነው። በጣም ደስ ብሎኛል። ያገራችን አየርና የእናቶቻችን ጥንቃቄ ነው ብዬ በክፍላችን ፊት ተናግሬአለሁ።

አሁን ሁለተኛውን ዙር ይጀምሩልኝ። ያኔ የመለሱትን አያስታውሷቸው።

ደምለው


ቢቸና፣ የካቲት 30 ቀን 1962 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለደምለው፣
ካምፓላ።

ጾሙን በሰላም የሚያስጨርስ አምላክ ካንተ ጋር ይሁን።

ሁለተኛውን ዙር ጨርሻለሁ። ሃያ ሦስቱ እናቶች ያኔ ያሉትን ቁርጥ አድርገው ደገሙት። ቁጥር አሥራ ሰባት ብቻ ለወጠችው። ያኔ አንድ ወልጄ አንድ አለኝ ብላ ነበር። አሁን አምስት ወልጄ አንድ አለኝ አለች። የነገረችኝን እንዳለ ጽፌዋለሁ።

ስለ እሷ ሌላ የምጽፈው የለኝም።

ለእናትህ ጻፍላት።

ይርጋነሽ


ካምፓላ፣ ሚያዝያ 2 ቀን 1962 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ እትዬ ይርጋነሽ፣
ቢቸና።

ለብርሃነ ትንሣኤው በጤና ለመድረስ ያብቃችሁ። ለእናቴ ጽፌአለሁ፤ ያንብቡላት።

የላኩልኝ ውጤት እኔ ከጠበቅሁት በላይ ነው። ከሃያ አራት ሃያ ሦስቱ አንድ ዓይነት መልስ! አስተማሪዬ በዚህ ትምህርት ቤት እንዲህ የጸና መልስ ያመጣ ተማሪ እንደሌለ ነገረኝ። ስለዚህ መጠይቁ የሚታመን ነው ለማለት እንችላለን።

ከሞጣም ደርሶኛል። በዚያ ሃያ አራቱ እናቶች ሃያ ሁለት ልጆች ሞተውባቸዋል፤ ከቢቸና እጥፍ ማለት ነው። አዋላጇ ወደ ሞጣ እንድትሄድ ይወሰናል። ለሞጣ አዝናለሁ፤ ስለ ቢቸና ግን እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። ቁጥር አሥራ ሰባትን መሰረዝ አለብኝ። አንድ ብላ አምስት የምትል ሴት ወይ ጥያቄው አልገባት፣ ወይ ዕድሜዋ ገፍቶ ትዘነጋለች፣ ወይም፣ ይቅርታ ይደረግልኝና፣ እርስዎ ሲጽፉ ስተዋል። ደንቡ የምትዋዥቅ መላሽ ከሥራው ትውጣ ይላል። ልሰርዛት መሆኑን ይወቁልኝ፤ መስማማትዎንም በአንድ መስመር ይጻፉልኝ።

ደምለው


ቢቸና፣ ሰኔ 14 ቀን 1962 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለደምለው ታዘበው፣
ካምፓላ።

የጠየቅኸኝ አንድ መስመር ነበር፤ ሁለት ወር ከቆየሁ በኋላ የምሰጥህ ግን ረጅም ነው። ስለመዘግየቴ ይቅር በለኝ። ተቀይሜ አይደለም፤ መጀመሪያ ግን ተቀይሜ ነበር።

ቁጥር አሥራ ሰባትን አትሰርዛት። አልሳትኩም፤ እሷም አትዘነጋም።

ማን እንደሆነች ሳልነግርህ የሆነውን ልንገርህ። በመጀመሪያው ዙር "አንድ" አለችኝ፤ ጻፍኩ፤ ሄድኩ። በሁለተኛው ዙር ስደርስ ደጅ ላይ ቆማ አገኘኋት። ተቀመጥን። "ስንት ልጆች ወልደዋል?" ብዬ አነበብኩ። ቀና ስል ዓይኗ ወረቀቱ ላይ ነው።

"ክርስትና ያልተነሡትንም ነው?" አለችኝ።

ወረቀትህን አገላበጥኩት። ስለዚያ የተጻፈ የለም። ቃሉን አትለውጪ ብለኸኛል። "እንደመሰልዎ ይመልሱ" አልኳት።

"እንግዲያው አምስት ብለሽ ጻፊ" አለች። እኔም ውኃ ለምኜ ጠጥቼ ወጣሁ።

በዚያን ጊዜ ነገሩ የእሷ ብቻ መስሎኝ ነበር። አንተ "የሚታመን ነው" ብለህ አዋላጇን ወደ ሞጣ ስትሰድ ግን እንቅልፍ አጣሁ። ወንድ ልጅ በአርባ፣ ሴት ልጅ በሰማንያ ቀን ክርስትና ይነሣሉ። ከዚያ በፊት የሞተን ሕፃን ማን ልጅ ይለዋል? ፍትሐት የለው፣ ተዝካር የለው፣ ስም የለው። እናትየዋም "ልጅ" ስትባል እሱን አታስብም። ስለዚህ ወደ ሃያ ሦስቱ እናቶች ተመለስኩ። ወረቀትህን ቤት ትቼ ባዶ እጄን ሄድኩና እያንዳንዷን "ክርስትና ሳይነሣ ያለፈም ካለ ንገሪኝ" አልኳት። አንዳንዷ ወዲያው ነገረችኝ። አንዳንዷ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ ነገረችኝ። አንዷ ባሏን "እስቲ ከብቶቹን እይ" ብላ ካስወጣችው በኋላ ነገረችኝ። ከቁጥር አሥራ ሰባት አራት ጋር የሞቱት አሥራ አንድ አይደሉም፤ ሠላሳ ናቸው።

ውሸታቸውን ነው አትበል፤ እነሱ አልዋሹም። ሁለት ጊዜም የመለሱት ለጠየቅኸው ነገር ትክክለኛውን ነው። የጠየቅኸው ነገር ግን የፈለግኸው አልነበረም። ያ የጸና መልስ ያልከው ሁለት ጊዜ የተደገመ ጉድለት ነው።

እኔ ራሴ ዕጣ ወጥቶልኝ ቢሆን ሁለት ወለድኩ እል ነበር፤ መቶ ጊዜ ብጠየቅም። የወለድኩት ሦስት ነው። ሴት ነበረች፤ አሥራ ዘጠኝ ቀን ቆየች። የሰውን ልጅ ፊደል ሳስቆጥር እሷን ሳልቆጥር ሃያ ዓመት ኖርኩ።

ከዚያ ሞጣን ማወቅ ፈለግሁ። ትምህርት ቤቱን አስፈቅጄ ዝናቡ መንገዱን ሳይዘጋው፣ በግንቦት መጨረሻ በጭነት መኪና ሄድኩ። ሀብትነሽ ያገሩ ሰው አይደለችም፤ ከሐረር ተመድባ የመጣች፣ ፈጣን፣ ሳቂታ ልጅ ናት። አብረን ወደ ጠየቀቻቸው ቤቶች ዞርን። ካነጋገረቻቸው ሃያ አራት እናቶች አሥራ አንዱ እስላሞች ናቸው። አንዲቱን የነጋዴ ሚስት "የሞቱብዎት በስንት ጊዜያቸው ነው?" አልኳት። "አንዱ በዓመቱ፣ አንዱ በአሥረኛው ቀን" አለችኝ። "የአሥር ቀኑንም ቆጠሩት?" ስላት በመገረም አየችኝ። "እንዴት አልቆጥረውም? በሰባተኛው ቀን ስም አውጥተንለት ነበር!"

ገባህ? የሞጣ ሙታን የበዙት ቀድሞ ስም ስለሚወጣላቸው ነው። የእኛዎቹ ያነሱት ስም ሳይወጣላቸው ስለሚሄዱ ነው። አንተ ያወዳደርከው ሞትን አይደለም፤ ስም የማውጫ ቀንን ነው።

እንግዲህ ጥያቄው እንዴት ይባል ብለን ከሀብትነሽ ጋር ስንሞክር ሰነበትን። እኔ "ስንት ጊዜ ማርያም ማረችዎት?" እንበል አልኩ። ለቢቸና ጥሩ ነበር። ያችው የነጋዴ ሚስት ግን ስቃ "እሷንም እናከብራታለን፤ እኔን የማረኝ ግን አላህ ነው" አለችኝ። አፈርኩ። ያን ጊዜ ሀብትነሽ "ምጥ ሃይማኖት የለውም" አለችና "ስንት ጊዜ አምጠው ያውቃሉ?" ብላ ጠየቀች። እስላሟም ክርስቲያኗም ቆም ብለው በጣታቸው መቁጠር ጀመሩ። ይህ ነው አልን። አንዲት አሮጊት ግን "ሰባት ጊዜ አምጬ ስምንት ወለድኩ" አሉን፤ መንታ ነበሯቸው። ስለዚህ "በእያንዳንዱ ምጥ ስንት ተወለደ? ከዚያ ምን ሆነ?" የሚል ጨመርን።

ሁሉንም እንደገና በዚህ ጠየቅናቸው፤ እኔም ከተመለስኩ በኋላ የቢቸናዎቹን። የሞጣ ሃያ ሁለቱ ሠላሳ አንድ ሆነ፤ በዚያም ከሰባት ቀን በፊት ያለፉ ነበሩ። የቢቸና ያው ሠላሳ ነው። ሠላሳና ሠላሳ አንድ። አዋላጇን ከሞጣ ላይ ንጠቅ አልልህም፤ አገሩን አይቼዋለሁ፣ ያስፈልጋታል። ለእኛ ግን "እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ" ያልከውን መልሰህ አስበው።

ቁጥር አሥራ ሰባትን እንዳትሰርዛት እለምንሃለሁ። ከሃያ አራቱ የተለወጠችው እሷ ብቻ ናት፤ እውነቱን የነገረችህም እሷ ብቻ ናት።

ይርጋነሽ


ካምፓላ፣ ሐምሌ 16 ቀን 1962 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ እትዬ ይርጋነሽ፣
ቢቸና።

ስለ አሥራ ዘጠኝ ቀኗ ልጅዎ የጻፉልኝን አንብቤአለሁ። እግዚአብሔር ያጽናዎት ማለት ከሃያ ዓመት በኋላ ይዘገያል፤ ግን ማንም ብሎዎት የማያውቅ ከሆነ እኔ እላለሁ። እግዚአብሔር ያጽናዎት።

ደብዳቤዎን ለአስተማሪዬ በሙሉ ተረጎምኩለት። ሳነብ አላቋረጠኝም። ስጨርስ መስኮቱ ጋ ሄዶ ቆመና "የጎደለው ጥያቄው እንጂ ሴትዮዋ አልነበረችም" አለኝ። በማግስቱ በክፍላችን ፊት ቆሜ ስላገሬ አየር የተናገርኩት ስሕተት ነበር አልኩ። ከዚያ በፊት እንደዚያ አፍሬ አላውቅም። የአሮጌውን ጥያቄ ውጤት ትቼ የሁለቱን አውራጃዎች ቁጥር በአዲሱ ጥያቄ ጽፌ፣ አዲሱን ጥያቄ ማን እንዳወጣው ስማችሁን ጠቅሼ፣ ወደ መሥሪያ ቤቴ ልኬአለሁ።

ቁጥር አሥራ ሰባት አልተሰረዘችም።

አሁን የማይጠየቀውን ልጠይቅ ነው። ልሰርዝ ብዬ ያስቀመጥኩትን ወረቀት ትናንት እንደገና አወጣሁት። ዕድሜዋ ሃምሳ ስድስት። ባሏ የሞተባት። የከተማው ዳርቻ ነዋሪ። በሕይወት ያለው ልጅ ወንድ፣ ከቤት የራቀ። ይህን ወረቀት ስንት ጊዜ በእጄ ይዤዋለሁ! ከዕድሜዋ በቀር ያየሁት አልነበረም።

እትዬ ይርጋነሽ፣ ይህች ሴት እናቴ ናት?

ደምለው


ቢቸና፣ ነሐሴ 24 ቀን 1962 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለደምለው፣
ካምፓላ።

ዝናቡ መንገዱን ሰብሮት ፖስታው አሥራ አምስት ቀን ደጀን ቆይቶ መጣ።

አልነግርህም። አዎም አልልህ፣ አይደለምም አልልህ። "ለእኔም ቢሆን" ብለህ የጻፍከው በእጅህ ነው። ባሏ የሞተባት፣ አንድ ወንድ ልጅ ሩቅ አገር ያላት ሴት በዚህ አገር አንዲት ብቻ መስላህ ከሆነ ደግሞ አገርህን ረስተሃል። ለአንተ ብዬ ቃሌን ብከፍተው ነገ ማን ይነግረኛል? ያችን ባሏን ከቤት ያስወጣች ሴት አስብ።

ነገር ግን እናት አለችህ። ምላስም አላት። የምትፈልገውን ከሌላ ሰው ወረቀት ላይ ከምታነብ ጠይቃት። ጻፍላት፣ እኔ አነብላታለሁ፤ መልስ መስጠትም ዝም ማለትም የእሷ ፈንታ ነው። ዝም ካለች ደግሞ ዝምታዋን እንደ መልስ ተቀበል።

ስለ ልጄ ላልከኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አንተ የመጀመሪያው ነህ።

ይርጋነሽ


ካምፓላ፣ መስከረም 29 ቀን 1963 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ እትዬ ይርጋነሽ፣
ቢቸና።

አዲሱ ዓመት የሰላምና የጥጋብ ይሁንላችሁ። ልክ ነዎት፤ ጥያቄዬን መልሼ ወስጃለሁ።

ከመሥሪያ ቤቴ መልስ መጣ። ሁለት አዋላጆች ተመድበዋል፤ አንዷ ለሞጣ፣ ሌላዋ ለቢቸና። የቢቸናዋ ከጥምቀት በኋላ ትመጣለች። ለመላው ጠቅላይ ግዛት የሚታተመው መጠይቅም "ስንት ጊዜ አምጠው ያውቃሉ?" ብሎ ይጠይቃል፤ የበሬውም ጥያቄ መጨረሻ ላይ ነው።

ከታች ያለውን ለእናቴ ያንብቡላት።

እምዬ፣ እንደምን አለሽልኝ? ዓመት በዓሉን ብቻሽን ማሳለፍሽን ሳስብ ከፋኝ። እስከ ዛሬ በጻፍኩልሽ ደብዳቤ ሁሉ ስለ እኔ ነግሬሽ፣ ስለ ጤናሽ ጠይቄሽ እዘጋለሁ። ዛሬ ሌላ ልጠይቅሽ ነው፤ ካስከፋሽ ተይው። ከእኔ በፊት የወለድሻቸው ነበሩ? ልጅሽ ደምለው።


ቢቸና፣ ኅዳር 19 ቀን 1963 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለደምለው፣
ካምፓላ።

ደብዳቤህን አነበብኩላት። በሦስተኛው ሳምንት ቅዳሜ ዕለት ራሷ ትምህርት ቤት ድረስ መጥታ "እስክሪብቶሽን አንሺ" አለችኝ። ከዚህ በታች ያለው የእሷ ቃል ነው። ይርጋነሽ።

ልጄ ደምለው፣

እኔ ደኅና ነኝ። ጉልበቴን አልፎ አልፎ ይወጋኛል እንጂ ሌላ ሕመም የለብኝም። ላምዋ ወልዳለች።

አዎ፣ ነበሩ። አራት ናቸው። ሁለቱ ወንዶች፣ ሁለቱ ሴቶች። ከሁሉ የቆየችው ሦስተኛዋ ናት፤ ሰማንያ ቀኗ ሊሞላ አንድ ሳምንት ሲቀራት፣ የክርስትናው እህል ተፈጭቶ ሄደች። የቀሩት ቶሎ ቶሎ ነው የሄዱት። አባትህ እያንዳንዳቸውን ብቻውን ወስዶ ቀበራቸው። የት እንደሆነ ጠይቄው አላውቅም፤ እሱም ነግሮኝ አያውቅም። የሆዳችንን በሆዳችን ይዘን ኖርን።

አንተ ስትወለድ ሰው ሁሉ አትቆይም ብሎ ፈርቶ ነበር፤ ደስ ይበልሽ የሚለኝ እንኳ አልነበረም። ቀኝ ጆሮህን አስበስቼ ሎቲ አደረግሁልህ፤ ሞት ሴት ልጅ መስለኸው እንዲያልፍህ ብዬ ነው። ትልቅ ስትሆን ጠይቀኸኝ ለዓይን በሽታ ነው ያልኩህ ሐሰት ነው።

አንተ ስታድግ ሰዉ "አንድ ለእናቱ" እያለ ጠራህ። በጠሩህ ቁጥር ውስጤ አይደለም ይላል፤ አፌ ግን ዝም ይላል። ምን ልበል? ስም የላቸው። ስም የሌለውን ሰው ምን ብለው ይጠሩታል? ቀስ በቀስ እኔም አንድ ማለት ለመድኩ።

ይርጋነሽ ወረቀቷን ይዛ ስትመጣ አንድ አልኳት። ቁጥር አሥራ ሰባት የተባልኩት እኔ ነኝ። እሷ አልነገረችህም፤ እኔ ነገርኩህ። ከሄደች በኋላ ጎመኔን ስኮተኩት አራቱን እንደካድኳቸው ተሰማኝ። እስከዚያ ድረስ ማንም ስለማይጠይቀኝ ዝም አልኩ እንጂ ካድኩ አልልም ነበር፤ አሁን ግን ተጠየቅሁና ካድኩ። እንደገና እመጣለሁ ብላኝ ስለነበር ቀን መቁጠር ጀመርኩ። ስትዘገይብኝ የማትመጣ መስሎኝ ፈራሁ። የመጣች ቀን ከሩቅ አይቻት ደጅ ወጥቼ ቆምኩ።

ልትሰርዘኝ እንደነበርክ ከይርጋነሽ ሰምቻለሁ። አልተቀየምኩም፤ እኔም ሠላሳ ዓመት ሰርዣቸው ነው የኖርኩት።

አንተ ስትመጣ አዋላጇን ከአንተ ጋር ሄጄ ላያት እፈልጋለሁ። ወጣት ከሆነች እመርቃታለሁ። በመንገድህ ሁሉ መድኃኔ ዓለም ይከተልህ፤ በምትረግጠው ሁሉ እሾህ አይውጋህ።

እናትህ፣
አምስት የወለደች፣
ሸዋነሽ